የዓሣ ኩሬ ውሃ አያያዝና ጽዳት
ለጀማሪ አርቢዎች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀ

መግቢያ

በአነስተኛ ኩሬ ዓሣ ማርባት ለቤተሰብ ምግብና ለተጨማሪ ገቢ የሚያገለግል ሥራ ነው። በአገራችን ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጡት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ኩሬ መቆፈርና የዓሣ ጫጩት ማስገባት ያን ያህል አያስቸግርም። የብዙ ጀማሪዎች ችግር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይኸውም የኩሬ ውሃ እንደ ማሳ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው ባለመታወቁ፣ ለስድስትና ለሰባት ወራት ሲቀለብ የቆየ ዓሣ በአንድ ሌሊት አልቆ ጧት ውሃው ላይ ተንሳፎ ይገኛል።

ላም በበረት ውስጥ ብትውልም የምትተነፍሰው አየር ከውጭ ይመጣላታል፤ እበቷም በአካፋ ይዛቃል። ዓሣ ግን የሚመገበውም፣ የሚጸዳዳውም፣ የሚተነፍሰውም በዚያው በአንድ ውሃ ውስጥ ነው። ስለሆነም የዓሣ አርቢ ከሁሉ አስቀድሞ የውሃ ጠባቂ መሆኑን መገንዘብ ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ የኩሬን ውሃ እንዴት መመርመር፣ ማጽዳትና መጠበቅ እንደሚቻል ያስረዳል።

1. ንጹሕ ውሃ ሲባል ምን ማለት ነው?

እስከ ታች ድረስ ጥርት ብሎ የሚታይ ውሃ ለመጠጥ ሊመረጥ ይችላል፤ ለቆሮሶ ኩሬ ግን ጥሩ ምልክት አይደለም። በውስጡ ለዓሣ ምግብ የሚሆኑት ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ እጽዋትና እንስሳት አለመኖራቸውን ያመለክታል። ጥሩ የኩሬ ውሃ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መልክ አለው፣ መጥፎ ሽታ የለውም፣ በላዩም ወፍራም አረፋ ወይም የሻገተ ስልባቦት አይታይበትም። በሌላ በኩል እንደ ጎመን ቅቅል የጠቆረና የወፈረ አረንጓዴ ውሃ አደገኛ ነው። ኩሬን ማጽዳት ማለት እንግዲህ ውሃውን እንደ ምንጭ ማጥራት ሳይሆን ሕይወቱን በልክ መያዝ ማለት ነው።

2. ውሃው የሚበላሸው በምንድን ነው?

ዓሣ ከሚመገበው ፕሮቲን ውስጥ ወደ ሥጋ የሚለወጠው ከግማሽ ያነሰ ነው። የቀረው በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣል። ሳይበላ ታች የቀረ መኖ፣ ኩስ፣ የወደቀ ቅጠልና የሞተ ዓሣም ሲበሰብሱ ይህንኑ አሞኒያ ይጨምራሉ።

አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። ሆኖም በኩሬው ወለል፣ በግድግዳውና በድንጋዩ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ጎጂ ነው፤ ናይትሬት ግን ጉዳቱ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ለአረንጓዴዎቹ እጽዋት ማዳበሪያ ይሆናል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት ኦክስጅን ሲያገኙ ብቻ ነው። በአዲስ ኩሬ ውስጥ ተራብተው በቂ እስኪሆኑም ጥቂት ሳምንታት ይወስድባቸዋል። ስለዚህ በአዲስ ኩሬ መኖን በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል።

የአሞኒያ መርዛማነት እንደ ውሃው ፒኤች ይለያያል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ 5 ገደማ ይደርሳል፤ 9 ሲሆን ደግሞ ከመቶ 36 ገደማ ይሆናል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ የውሃቸው ፒኤች ከፍተኛ በሆነባቸው እንደ ስምጥ ሸለቆ ባሉ አካባቢዎች ትርፍ መኖ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎጂ ነው። ሁለተኛ፣ ዓሣ ባለበት ኩሬ ውስጥ የተቃጠለ ኖራ መጨመር ጉዳት የሌለውን አሞኒያ በአንድ ጊዜ ወደ መርዝ ሊለውጠው ይችላል።

3. ኦክስጅንና የንጋት አደጋ

በቀን ብርሃን በውሃው ውስጥ ያሉት አረንጓዴ እጽዋት ኦክስጅን ይሠራሉ። በመሆኑም የኩሬው ኦክስጅን ከቀትር በኋላ ከፍተኛ ይሆናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ሥራ ይቆማል፤ ዓሣው፣ ባክቴሪያዎቹና እጽዋቱም ራሳቸው ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ይወስዳሉ። ስለዚህ ኦክስጅን ከሁሉ የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው። ዓሣ በብዛት የሚሞተውም በዚሁ ሰዓት ነው። ቀን ላይ ኩሬውን የሚጎበኝ ሠራተኛ ይህን አደጋ ፈጽሞ ላያየው ይችላል።

ለቆሮሶ ጥሩ ዕድገት ኦክስጅኑ በሊትር 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከ3 በታች ሲቆይ የምግብ ፍላጎቱና ዕድገቱ ይቀንሳል፤ ከ1 በታች ሲወርድ ዓሣው ለሞት ይጋለጣል። አምባዛ አየር ከውሃው ወለል እየሳበ መተንፈስ ስለሚችል ችግሩን ይቋቋማል። በመሆኑም ሁለቱ በተቀላቀሉበት ኩሬ አምባዛው ደህና መሆኑ ቆሮሶው ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ለደጋና ለወይና ደጋ አርቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። የቦታው ከፍታ በጨመረ መጠን ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በባሕር ወለል ደረጃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ግን 6.5 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለቆላ አገር የተጻፈን የዓሣ ብዛትና የመኖ መጠን ሳያስተካክሉ በደጋ ሥራ ላይ ማዋል ተገቢ አይደለም።

አደጋው የሚበረታባቸው ጊዜያት የሚከተሉት ናቸው፦
ሀ/ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ለተከታታይ ቀናት ሳይገለጥ ሲቀር፤
ለ/ ብዙ ፍግ ወይም መኖ ከተጨመረ በኋላ ባሉት ቀናት፤
ሐ/ አረንጓዴው ውሃ በድንገት ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ ይህም እጽዋቱ በጅምላ መሞታቸውን ስለሚያመለክት፤
መ/ ዓሣው አድጎ ለገበያ ሊደርስ ሲል። ብዙ ማኅበራት ምርታቸውን ለዐቢይ ጾም ገበያ ያዘጋጃሉ። በዚህ ወቅት በኩሬው ውስጥ ያለው የዓሣ ክብደት ከፍተኛ ነው፤ ውሃውም መሞቅ ይጀምራል። ሙቅ ውሃ ደግሞ አነስተኛ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ኪሳራው ከሁሉ የሚከብድበት ጊዜ ጥንቃቄው ከሁሉ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነው።

4. ውሃን ያለ ውድ መሣሪያ መመርመር

የጥራት መለኪያ ሳህን፦ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ በአራት ተከፍሎ በነጭና በጥቁር ቀለም ይቀባል። ከሥሩ ክብደት፣ ከላዩ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ገመድ ይታሰርለታል። እኩለ ቀን አካባቢ ወደ ውሃው ቀስ ተደርጎ ይለቀቅና ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይነበባል። ትርጉሙም እንደሚከተለው ነው፦
ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፦ ውሃው ጥሩ ነው፤
ከ20 እስከ 30፦ እጽዋቱ እየበዙ ስለሆነ ፍግ መጨመር ይቁም፤
ከ20 በታች፦ አደገኛ ነው፤ ፍግ ይቁም፣ መኖ ይቀነስ፣ ውሃ ይለወጥ፤
ከ60 በላይ፦ ውሃው የተፈጥሮ ምግብ የለውም፣ ፍግ ያስፈልገዋል።
ይህ መለኪያ የሚያገለግለው ብዥታው አረንጓዴ ሲሆን ብቻ ነው። ጎርፍ ባመጣው ቀይ አፈር የደፈረሰ ውሃ በዚህ አይመዘንም፤ መፍትሔውም ጎርፉ ወደ ኩሬው እንዳይገባ የመቀልበሻ ቦይ መቆፈር ነው።

ሙቀት፦ ተራ ቴርሞሜትር በቂ ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከ20 በታች ሲሆን የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲወርድ ዕድገቱ ይቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳም ሌሊቶች ማግስት የተለመደውን መኖ መስጠት ውሃውን ማበላሸት ብቻ ነው።

የዓሣው ጠባይ፦ ከሁሉ የሚበልጠው መመርመሪያ ዓሣው ራሱ ነው። ጎህ ሲቀድ ቆሮሶዎች ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ቢያጣጥሩ፣ ውሃ በሚገባበት ቦታ ቢሰበሰቡ ወይም ሰው ሲቀርብ ባይሸሹ ኦክስጅን ማነሱን ያመለክታል። ዓሣው ቢታከክ፣ ክንፉ ቢበላ ወይም ቅርፊቱ ላይ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ቢታይ በሽታን ያመለክታል።

5. መኖና ፍግ በልክ

አብዛኛው የውሃ ብልሽት የሚመጣው ከትርፍ መኖ ነው። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅለው ሲሰጡ ዓሣው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰው ያህል ብቻ መሆን አለበት። መኖው ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከረፋዱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ቢሰጥ ዓሣው ይለምዳል፤ ትራፊውም በቀላሉ ይታያል። ጧት በጣም ማልዶና አመሻሽ ላይ መቀለብ አይመከርም።

ምሳሌ፦ አንድ ማኅበር 20 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ ኩሬ፣ በካሬ ሜትር 2 ሒሳብ 400 ጫጩት አስገብቷል እንበል። ከጊዜ በኋላ 20 ዓሣ በመረብ ተይዘው ሲመዘኑ በድምሩ 1 ኪሎ ግራም ከሆኑ የአንዱ አማካይ ክብደት 50 ግራም ነው። የ400ው ክብደት 20 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከክብደቱ ከመቶ 3 በቀን ቢሰጥ 600 ግራም ነው፤ ይህም ለሁለት ተከፍሎ 300፣ 300 ግራም ይሰጣል። ዓሣው ሲያድግ ስሌቱ በየወሩ ይታደሳል። የመኖ መለኪያው ጣሳ ታውቆ መቀመጥ አለበት፤ በግምት በእፍኝ መበተን የብዙ ኩሬዎች ጠንቅ ነው።

ፍግን በተመለከተ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጨመር በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር ይሻላል። ለደረቅ የዶሮ ኩስ ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ መጠኑን የሚወስነው የመለኪያው ሳህን ነው። ሰማዩ ደመናማ በሆነባቸው ቀናት ፍግ አይጨመርም።

6. ውሃ መለወጥና መጨመር

የሚለወጠው ውሃ መውጣት ያለበት ከኩሬው ታች ነው፤ ቆሻሻውና ኦክስጅን ያነሰው ውሃ የሚገኘው እዚያ ነውና። አዲሱ ውሃ ደግሞ ከከፍታ እየተፏፏተ ቢገባ አየር ይዞ ይወርዳል። ማስገቢያውም ማስወጫውም በወንፊት ሽቦ መሸፈን አለበት።

ከላይ በተጠቀሰው ኩሬ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ቢሆን በውስጡ ያለው ውሃ 200 ሜትር ኩብ ነው። ከመቶ 15 ለመለወጥ 30 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ማስወጣት ያስፈልጋል። በሴኮንድ 5 ሊትር የሚስብ ሞተር ይህን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሳል። በአንድ ጊዜ ከዚህ ብዙ አብልጦ መለወጥ የሙቀትና የፒኤች ድንገተኛ ለውጥ ስለሚያመጣ፣ ከአስቸኳይ ጊዜ በስተቀር አይመከርም። የወጣው ውሃ ለአትክልት ማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ስለሆነ በከንቱ መፍሰስ የለበትም።

በሞቃትና ደረቅ አካባቢ የተነነውን ብቻ እየተኩ መቆየት አይበቃም። ውሃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ በየጊዜው የተወሰነ አሮጌ ውሃ ካልወጣ ጨዉ በኩሬው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

በሲሚንቶ ወይም በፕላስቲክ የተሠራ ገንዳ ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚያርፉበት አፈር ስለሌለው ውሃው ቶሎ ይበላሻል። ታች የተከማቸው ኩስ በጎማ ቱቦ እየተሳበ ይወጣል፤ ግድግዳው ግን በአንድ ቀን ሁሉ መፋቅ የለበትም፣ ባክቴሪያዎቹ አብረው ይታጠባሉና። በሳሙናና በኬሚካል ማጠብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ስለሚለቅ ገንዳው ዓሣ ሳይገባበት ለሳምንታት ውሃ እየተሞላ ደጋግሞ መፍሰስ አለበት። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ በክፍት በርሜል ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት ይኖርበታል።

7. የኩሬው ዳር፣ ተባይና መርዝ

በዳር ያለው ሣርና ቄጠማ በማጭድ እየታጨደ ከውሃው ይወጣል። ይህ ለሰውም ጤና ነው። በዳር ሣር መካከል የወባ ትንኝ ትራባለች፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ይጠለላል። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ያለ ቦት ጫማ ወደ ኩሬ መግባት፣ ሕፃናትንም ማዋኘት አይገባም። በግድቡ ላይ ዛፍ አይተከልም፤ ሥሩ ግድቡን ይሰነጥቃል፣ ቅጠሉም ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። የብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣ ለመያዝ ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ መርዝ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በኩሬ አካባቢ መወቀጥም ሆነ መታጠብ የለበትም።

የሰብል ፀረ ተባይ መድኃኒት በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልገዋል። ለሰውና ለከብት ቀላል የሚባሉ አንዳንድ መድኃኒቶች በጥቂቱም ቢሆን ዓሣን ይፈጃሉ። የመርጫ መሣሪያ በኩሬ ውሃ አይታጠብ፤ ነፋስ ወደ ኩሬው በሚነፍስበት ጊዜ አይረጭ፤ የመድኃኒት ዕቃም መኖ መያዣ አይሁን።

8. ዓሣ ሲያጣጥር የሚወሰድ አስቸኳይ እርምጃ

ሀ/ መኖና ፍግ ወዲያውኑ ይቁም።
ለ/ ንጹሕ ውሃ ካለ ከከፍታ እየወረደ እንዲገባ ይደረግ።
ሐ/ አዲስ ውሃ ከሌለ የኩሬውን ውሃ ከላይኛው ክፍል በሞተር እየሳቡ ወይም በባልዲ እየቀዱ ወደ ላይ መርጨት። ፀሐይ ወጥታ ሙቀት እስክትሰጥ ድረስ ሰዎች እየተፈራረቁ ይቀጥሉ።
መ/ ወለሉን አለመቀስቀስ። ኩሬው ውስጥ ገብቶ ጭቃውን ማማሰል የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል።
ሠ/ የሞቱትን እየለቀሙ ከኩሬው ርቆ መቅበር፤ ቁጥራቸውንም መመዝገብ።
ረ/ በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ንጋት ላይ መጠበቅ፤ አደጋው ሊደገም ይችላልና።

9. ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ኩሬውን ማጽዳት

ዓሣው ከተወሰደ በኋላ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይፈስሳል። በኩሬው የቀሩ ትናንሽ ቆሮሶዎች በሙሉ መለቀም አለባቸው፤ አለበለዚያ በቶሎ ስለሚራቡ ኩሬው በቀጨጩ ዓሣዎች ይሞላል። ወለሉ በፀሐይ መሬቱ እስኪሰነጠቅ ይደርቃል። ይህም ጎጂ ተባዮችን ያጠፋል፣ የተከማቸውንም ቆሻሻ ያቃጥላል። ጥቁር የሸተተ ጭቃ በአካፋ ተዝቆ ወደ ማሳ ይወሰዳል፤ ስስ ሽፋን ግን ይተዋል። ግድቡ ይጠገናል፣ ወንፊቶቹ ይፈተሻሉ።

አፈሩ ኮምጣጣ በሆነባቸው ቦታዎች ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም የተፈጨ የእርሻ ኖራ በወለሉ ላይ ይበተናል። ውሃው ጨዋማና ፒኤቹ ከፍተኛ በሆነበት አካባቢ ኖራ አያስፈልግም። የተቃጠለ ኖራ የሚጠቀሙ ሰዎች ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ማድረግ፣ ኩሬው ከተሞላም በኋላ ጫጩት ከማስገባታቸው በፊት ሁለት ሳምንት መቆየት አለባቸው።

10. የሥራ ፕሮግራም

በየቀኑ፦ ንጋት ላይ ዓሣውን ማየት፤ ወንፊቱን ማጽዳት፤ የሞተ ዓሣና ቅጠል ማውጣት፤ መኖ መዝኖ መስጠትና ትራፊውን መመልከት።
በየሳምንቱ፦ በሳህኑ ውሃውን መለካት፤ ፍግ መጨመር ወይም ማቆም፤ የኩሬውን ዳር ማጨድ፤ የግድቡን ቀዳዳ መፈለግ።
በየወሩ፦ ናሙና ዓሣ መመዘን፤ መኖውን እንደገና ማስላት፤ እንደ አስፈላጊነቱ ውሃ መለወጥ።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳሰቢያ

የማኅበር ኩሬ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ በመተው ነው። ደግሞም ሁለት አባላት ሳይነጋገሩ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሲቀልቡ ይታያል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ ሥራው ከተከፋፈለ ለማንም አይከብድም። በመሆኑም፦
- ለእያንዳንዱ ሳምንት የንጋት ተረኛ በስም ይመደብ፤
- መኖ የሚሰጥ አንድ ኃላፊና አንድ ምትክ ብቻ ይኑር፤
- ቀን፣ የመኖ መጠን፣ የሳህን ንባብ፣ የሞተ ዓሣና የአየሩ ሁኔታ የሚጻፍበት መዝገብ በኩሬው አጠገብ ይቀመጥ፤
- ባልዲዎችና የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ነዳጅ ተሞልቶለት ሁልጊዜ ዝግጁ ይሁን። ዓሣው ማጣጣር ከጀመረ በኋላ ነዳጅ ፍለጋ መሄድ አይጠቅምም።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ኩሬ በሚጎበኝበት ጊዜ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ተገኝቶ ከተረኛው ጋር ዓሣውን ቢመለከት፣ በቀን ብዙ ጊዜ ከሚሰጠው ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራል። ከአቅም በላይ የሆነ በሽታ ወይም ተደጋጋሚ ሞት ሲያጋጥም መዝገቡንና የውሃ ናሙና ይዞ በአቅራቢያው የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል፣ ለምሳሌ የሰበታን ወይም የባሕር ዳርን ማዕከል ማማከር ይገባል።

ማጠቃለያ

1. ንጋት ላይ ኩሬውን ሳያዩ አይዋል።
2. መኖ ይመዘን፤ በደመናና በብርድ ቀን ይቀነስ።
3. ውሃ በጥቂቱና ከታች ይለወጥ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይታጠብ።
4. መርዝና ሳሙና ከኩሬ ይራቅ።
5. የታየው ሁሉ ይመዝገብ።